በርበሬ ሲመጣ ፓስፖርቱን ማን ጠየቀው?

‹‹እንግዳ የመጣ ዕለት ወርቅ፣ በማግስቱ ብር፣ በሦስተኛው ቀን መዳብ›› ይላሉ አበው። እንግዳ ከሰነበተ ይከብዳል ማለታቸው ነው። እኔ ግን ሰሞኑን ሆሳዕና ላይ አንድ ብርጭቆ ጭማቂ ፊቴ አስቀምጬ ሳስብ ተረቱ የማይሠራበት እንግዳ አገኘሁ። መጥቶ፣ ሰንብቶ፣ ቤት ወርሶ፣ ጭራሽ ‹‹ባለቤት›› ተብሎ የሚከበር እንግዳ! ስሙን በኋላ እነግራችኋለሁ፤ ርእሱን ያነበበ ቀድሞ ቢያውቀውም።

ነገሩ ወዲህ ነው። ከአዲስ አበባ በቡታጅራ በኩል 230 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ከአንድ ወዳጄ ጋር ሆሳዕና ገባን። ሆሳዕና ድሮ ዋቸሞ ነበር ስሟ። ዛሬ የሀዲያ ዞን ብቻ ሳትሆን፣ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የተመሠረተው የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልልም መቀመጫ ናት። ከተማዋ ጭማቂ ቤት አላጣችም። ምሳችንን ክትፎ በሚጥሚጣ አጣጥመን ስናበቃ፣ ‹‹ጭማቂ እንጠጣ›› ተባብለን ጥግ ላይ ካለች አንዲት ቤት ገባን።

የዋጋ ዝርዝሩ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ አቮካዶ፣ ማንጎ፣ ፓፓያ፣ አናናስ፣ ስፕሪስ። እዚህ ድረስ የምናውቀው ነው። ከሁሉ በታች ግን በእጅ ጽሑፍ አንድ ስም ተጨምሯል፦ ‹‹ሜክሲኮ››።

እኔ ሜክሲኮ የማውቀው ታክሲ የምይዝበት አደባባይ ነው። ‹‹ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?›› ብዬ ስጠይቅ፣ ከመፍጫው ጀርባ የነበረው ጎልማሳ ቀና አለና ትኩር ብሎ አየኝ። ‹‹መምህር! እርስዎ ነዎት እንዴ?›› ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ዘመን ሦስተኛው ረድፍ ላይ እየተቀመጠ ግጥም ሲነበብ ዓይኑን የሚጨፍን አንድ የሆሳዕና ልጅ ነበረኝ። እሱ ነው። ፀጉሩ ሳስቷል፤ ዓይኑ ግን ያው ነው።

ወዳጄና እኔ ‹‹ሜክሲኮ››ን አዘዝን። እኔም የተማሪዬን እጅ ለማየት ባንኮኒው ላይ ተደገፍኩ። አሠራሩን እንዳየሁት ልንገራችሁ፤ ቤታችሁ መሞከር ትችላላችሁ።

በመጀመሪያ ከሲዳማ የመጣ አናናስ ላጠና በወፍራሙ ቆራርጦ ከሰል ላይ ጣለው። ዳር ዳሩ እስኪጠቁር፣ ስኳሩ እስኪቃጠል ድረስ ጠበሰው። የተጠበሰውን አናናስ ከአርባ ምንጭ ማንጎና ከትንሽ ፓፓያ ጋር ፈጨው። ሁለት ሎሚ ጨመቀበት። አውራ ጣት የምታህል ዝንጅብል ወቅጦ ጨመረ። ከዚያ ሚጥሚጣና ጨው በሰሐን ላይ አዋሐደ፤ የብርጭቆውን አፍ በሎሚ ልጣጭ አርሶ ሰሐኑ ላይ ደፋው። የብርጭቆው ከንፈር ቀላ። እስካሁን መልካም።

አሁን ግን ብርጭቆዎቹን ይዞ ወደ ጓሮ ዞረ። ተከተልኩት። ጓሮው ውስጥ አንዲት አዛውንት ዱካ ላይ ተቀምጠዋል፤ እናቱ ናቸው። ፊታቸው የወይራ እንጨት የሚጤስባት ትንሽ ማንደጃ አለች። ብርጭቆዎቹን ተቀበሉና አንድ በአንድ ጭሱ ላይ ደፏቸው፤ ልክ የጠላ ጋን፣ ልክ የወተት ዕቃ እንደሚታጠነው። ጥቂት ቆይተው አነሡና ‹‹ቶሎ ቅዳው፣ ሳይወጣ!›› አሉት። ልጁም ቶሎ ቀዳው።

ጠጣሁት። በመጀመሪያ ጭሱ አፍንጫዬን አገኘው። ቀጥሎ ሚጥሚጣው ከንፈሬን ለበለበው። ያ ሳይበርድ የአናናሱ ጣፋጭና የሎሚው ኮምጣጣ ተከታትለው ገቡ። መቼም እውነቱን መናገር ነው፤ ግሩም ነበር።

ወዳጄ ግን አንድ ጊዜ ቀምሶ አስቀመጠው። ‹‹እንዲህ ነው እንግዲህ ባህል የሚጠፋው›› አለ። ‹‹የፈረንጅ ነገር ካላመጣን አይሆንልንም! በርበሬ ደግሞ በጭማቂ? የራሳችንን በርበሬ የሜክሲኮ መቀለጃ እናድርገው?››

‹‹የራሳችንን በርበሬ›› የምትለዋ ቃል ናት ይህን ጽሑፍ ያስጻፈችኝ።

የበርበሬ ዘር ለማዳው የተገኘው ሜክሲኮ ነው። የዚያ አገር ሰዎች ከስድስት ሺህ ዓመት ላላነሰ ጊዜ አርሰውታል፣ ፈጭተውታል፣ በልተውታል። ከ1492 እ.ኤ.አ. በፊት ከአሜሪካ አህጉር ውጭ በርበሬ የቀመሰ ሰው አልነበረም። አክሱም ሲነግሥ በርበሬ የለም። ላሊበላ ሲታነጽ በርበሬ የለም። አልጫ ነበርን ማለት ነው! ኮሎምበስ የሕንድን ቁንዶ በርበሬ ፍለጋ ወጥቶ ሌላ ዓለም ላይ ሲያርፍ፣ የሚያቃጥል ቀይ ፍሬ አገኘና በሚፈልገው ቅመም ስም ጠራው። ስፔኖች እስከ ዛሬ ሁለቱን በሚቀራረብ ስም ይጠሯቸዋል። የኛም አማርኛ እንደዚያው ነው፤ አንዱ ‹‹ቁንዶ በርበሬ›› አንዱ ‹‹በርበሬ››። በዝምድና ግን አይገናኙም። አንዱ ከሕንድ ሐረግ ነው፣ ሌላው የቲማቲም ዘመድ ነው።

ከኮሎምበስ በኋላ በርበሬን በዓለም ላይ ካሠራጩት ዋነኞቹ ፖርቹጋሎች ናቸው። በመርከቦቻቸው ወደ አፍሪካ ዳርቻዎችና ወደ ሕንድ አደረሱት። ሕንዶችም በጥቂት ትውልድ ውስጥ የራሳቸው አደረጉት። በቀይ ባሕርና በሕንድ ውቅያኖስ ንግድ የሚመላለሰው ሁሉ የሚነካው ቅመም ሆነ።

እዚህ ላይ የሀዲያ ልጆች ጆሮ ይስጡኝ። ኢትዮጵያን ከፖርቹጋል ጋር በደብዳቤ ካገናኙት ሰዎች ቀዳሚዋ ማን ናት? ንግሥት እሌኒ ናት፤ የሀዲያው ገራድ ልጅ። በ1509 እ.ኤ.አ. አካባቢ ማቴዎስ የተባለ መልእክተኛ አስይዛ ለፖርቹጋል ንጉሥ ደብዳቤ ላከች። መልሱ ዘግይቶ በ1520 እ.ኤ.አ. ምጽዋ ላይ ደረሰ፤ ቄስ አልቫሬዝ የተጻፈ ምስክርነት የተወልን የፖርቹጋል ልዑክ ማለት ነው። በማግስቱ ዓመት፣ በ1521 እ.ኤ.አ.፣ የበርበሬ አገር ዋና ከተማ ቴኖችቲትላን በስፔኖች እጅ ወደቀች። አንደኛው በር ሲከፈት ሌላኛው ሲሰበር፣ ዓመት ብቻ ነው የለያያቸው። እሌኒ በርበሬ አመጣች አላልኩም። ዓለም እንዴት ጠባብ እንደነበረች ለማሳየት ነው።

በርበሬው ከደረሰ በኋላ ያደረገውን ግን ሁላችንም እናውቃለን። ወጡን ቀየረው። አዋዜን፣ ዳጣን፣ ሚጥሚጣን ወለደ። ከሆሳዕና ብዙም ሳይርቅ ማረቆ አለ። ቋንቋው የሀዲይኛ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ‹‹ማረቆ ፋና›› የተባለው በርበሬም ስሙን ከዚያው ወርሷል። በሌላው ወገን ሀላባ አለ፤ የሀላባ በርበሬ ሲባል አዲስ አበባ ውስጥ ዋጋ ይጨምራል። እንግዲህ አስቡት። ከውቅያኖስ ማዶ የመጣ ፍሬ፣ ዛሬ የማረቆና የሀላባ መታወቂያ ሆኗል። ደግሞም በትክክል ሆኗል! የማረቆ ገበሬ አራት መቶና አምስት መቶ ዓመት ያህል መርጦ፣ ዘርቶ፣ አድርቆ የሠራው በርበሬ የሜክሲኮ አይደለም፤ የማረቆ ነው። የራስ የሚባለው ነገር ከየት እንደመጣ ብቻ አይታወቅም። ማን እንደደከመበትም ይታያል።

ወዳጄን ይህን ስነግረው፣ ‹‹እሺ በርበሬው ይሁን፤ ፍራፍሬውስ?›› አለኝ። ፍራፍሬውማ የባሰ ነው።

ፓፓያ የትውልድ አገሩ መካከለኛው አሜሪካ ነው። አናናስ ከደቡብ አሜሪካ ነው፤ ኮሎምበስ በ1493 እ.ኤ.አ. በሁለተኛ ጉዞው ጉዋደሎፕ ደሴት ላይ አገኘው። አቮካዶ ከሜክሲኮና ከአካባቢዋ ነው። ስሙም ‹‹አዋካትል›› ከሚለው የአዝቴኮች ቃል የወጣ ነው። ኢትዮጵያ የገባው እንደ በርበሬ በጥንት አይደለም፤ ሒርናና ወንዶ ገነት ላይ የግል አትክልተኞች የተከሉት በ1938 እ.ኤ.አ. ነው፤ አንድ የሰው ዕድሜ ማለት ነው። ዛሬ በከምባታና በሀዲያ ጓሮ አቮካዶ የሌለበትን ቤት መፈለግ አድካሚ ነው። ‹‹ቲማቲም›› ስንል ደግሞ ከአዝቴኮች ‹‹ቶማትል›› ተነሥቶ፣ በስፔንና በዐረብ አፍ ዞሮ የመጣ ቃል እየጠራን ነው። በቆሎም የሜክሲኮ ልጅ ነው። አንዳንድ የሰሜን ገበሬዎች ‹‹የባሕር ማሽላ›› ይሉታል። ከባሕር ማዶ እንደመጣ ታሪክ ጸሐፊው ቢረሳ እንኳ ቋንቋው አልረሳም።

ዘይቱንን ደግሞ ተመልከቱ። ይህ ጣፋጭ ፍሬ የአሜሪካ ቆላ ልጅ ነው። ስሙ ግን የዐረቦች ነው፤ በዐረብኛ ‹‹ዘይቱን›› ማለት ወይራ ነው። የወይራ ስም የያዘው ወይራ አይደለም። ብርጭቆዬን ያጠነው ጭስ ግን ከእውነተኛው የአበሻ ወይራ የወጣ ነው። ስምና ባለቤቱ እንዲህ ይተላለፋሉ።

ከብርጭቆዬ ውስጥ አንዱ ፍሬ ብቻ በተቃራኒው ሄዷል፤ ማንጎ። ማንጎ የእስያ ልጅ ነው። ወደ ሜክሲኮ ከወሰዱት መንገዶች አንዱ፣ ከ1565 እስከ 1815 እ.ኤ.አ. ከፊሊፒንስ እስከ አካፑልኮ የተመላለሱት የስፔን መርከቦች ናቸው። ዛሬ ሜክሲኮ ያለ ማንጎ አትታሰብም፤ በየመንገዱ ማንጎ በሎሚ፣ በጨውና በተፈጨ በርበሬ ነስንሰው ይሸጣሉ። በእንግዳ ፍሬ ላይ የራሳቸውን በርበሬ ነሰነሱ። እኛ ደግሞ በእንግዳ በርበሬ ወጣችንን ሠራን።

‹‹ጭሱስ?›› አለ ወዳጄ፣ አሁን ብርጭቆውን መልሶ ይዞ። እኔም ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር።

ጭሱ የኛ ነው። የወተት ዕቃ በወይራ ማጠን ወተቱን ቶሎ እንዳይበላሽ ያደርጋል፤ ጣዕምም ይሰጣል። ጠላ የምትጠምቅ ሴት ጋኑን በግራዋ አጥባ በወይራ ታጥናለች። የሀዲያም የከምባታም እናት ዕቃ ማጠን ከናቷ ነው የተማረችው። ነገር ግን ጭስ የኛ ብቻ ነው ብንል ስህተት ነው። ሜክሲኮዎችም በርበሬያቸውን በጭስ ያደርቁታል። ስሙ ‹‹ቺፖትሌ›› ነው፤ በአዝቴኮች ቋንቋ ‹‹ቺሊ›› በርበሬ፣ ‹‹ፖክትሊ›› ጭስ፤ የጭስ በርበሬ ማለት ነው።

ከዚህ የበለጠ የገረመኝ ሌላ ነው። ፈረንጆቹ ይህን መጠጥ ሲሠሩ ‹‹መስካል›› የሚባል አረቄ ይጨምሩበታል። መስካል የሚወጣው ከአጋቬ ነው፤ እኛ ገመድ ከምንገምድበት ከቃጫ ተክል ወገን። አጋቬ እንደ ዓይነቱ ስድስት፣ ስምንት፣ ከዚያም በላይ ዓመት ያድጋል። አበባውን ካወጣ ይሞታል፤ ስለዚህ ገበሬው ያጠራቀመውን ምግብ በአበባ ሳይጨርስ ይቆርጠዋል። ልቡን አውጥቶ፣ መሬት ቆፍሮ፣ በጋለ ድንጋይ ላይ ከምሮ፣ በቅጠልና በአፈር ሸፍኖ ለቀናት ያበስለዋል። ጭስ ጭስ የሚለው ጣዕም የሚመጣው ከዚያ ጉድጓድ ነው።

እንግዲህ ከምባታ ውስጥ ዶዮገና ወይም አንጋጫ የሚኖር ሰው ይህን ቢሰማ ምን ይላል? ‹‹ይሄማ እንሰት ነው!›› ይላል። እንሰትም ዓመታት ይጠበቃል። እንሰትም ካበበ ይሞታል፣ ስለዚህ በአበባው ሰሞን ይቆረጣል። እንሰትም ተፍቆ፣ በቅጠሉ ተጠቅልሎ፣ ጉድጓድ ይገባል። ልዩነቱ፣ አጋቬ በጉድጓድ ይጠበሳል፤ ቆጮ ግን በጉድጓድ ይብላላል። የሁለቱም ጭረት በአማርኛ አንድ ስም ነው ያለው፤ ቃጫ። በውቅያኖስ የተለያዩ፣ ሳይተያዩ አንድ ዓይነት ብልሃት ያገኙ ሁለት ሕዝቦች! አንደኛው ግን አረቄ ጠመቀበት፣ ሌላው ልጆቹን አበላበት። በ‹‹ቆጮ በላ›› ሰው ሲሰደብ የሰማ ትውልድ ነኝና ይህን ሳልጽፈው ባልፍ ይቆጨኝ ነበር። መስካልን በብርጭቆ የሚያሞግስ ዓለም የቆጮን ጥበብ ቢያውቅ ባርኔጣውን ያነሣ ነበር።

ተማሪዬ ብርጭቆ ውስጥ አረቄ የለም። ይህም ታሪክ አለው። ወንጌላውያን ሚሲዮኖች በ1920 ዓ.ም. አካባቢ ወደ ወላይታ፣ ሀዲያና ከምባታ መጡ። በጣልያን ወረራ ጊዜ ተባረሩ። ጥለዋቸው የሄዱት ጥቂት ምእመናን ግን ከጦርነቱ በኋላ በሺህ ተቆጥረው ተገኙ። አገሬው ራሱ ሰብኮ፣ ራሱ ዘምሮ አባዛው። ከዚያ ወዲህ በነዚህ ከተሞች መጠጥ የማይነካ ቤተሰብ ብዙ ነው። ኦርቶዶክሱ ደግሞ በጾም ወተት አይጠጣም። ሙስሊሙም ከአልኮል የራቀ ነው። ሁሉንም አንድ ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጥ ቤት ቢፈለግ ጭማቂ ቤት ነው። ‹‹ኮክቴል›› የሚለውን ቃል የሆሳዕና ልጅ ሲሰማ ቮድካ አይታየውም፤ በብርጭቆ የተደረደረ አቮካዶ፣ ማንጎና ፓፓያ ነው የሚታየው።

ሰው ግን በሚያቃጥለው ነገር ለምን ይደሰታል? ዴቪድ ጁሊየስ የተባለ አሜሪካዊ ማቃጠሉን በበርበሬ አጥንቶ በ2021 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። በርበሬው አያቃጥልም፤ የሰውነታችንን የሙቀት መቀበያ በር ያንኳኳል። ምላስ የሚነግረን እሳት የለም፤ ዜናው ብቻ ነው ያለው። እሳቱ ሳይኖር የእሳት ዜና መስማት! ለዚህ መጠጥ ሌላ ትርጉም እንደነበረው ያወቅሁት ግን በኋላ ነው።

‹‹ለምን ሜክሲኮ አልከው?›› ብዬ ተማሪዬን ጠየቅሁት። ስለ በርበሬው ይነግረኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን ወደ ጓሮው በር አየት አደረገና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

‹‹ታናሽ ወንድሜ እዚያ ነው ያለው፣ መምህር።››

የሆሳዕናን ነገር የሚያውቅ ሰው መንገዱን ያውቃል። ከሀያ ዓመት በላይ ሆነው፣ የሀዲያና የከምባታ ወጣት ወደ ደቡብ አፍሪካ ይጎርፋል። በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊ፣ በሞዛምቢክ። ከተማው ውስጥ ከዚያ በተላከ ገንዘብ የቆመ ፎቅ ብዙ ነው፤ በዚያው ገንዘብ የተከፈተ ጭማቂ ቤትም አለ። ፎቁ ግን የሚያሳየው የደረሱትን ነው። መጋቢት 2012 ዓ.ም. ሞዛምቢክ ውስጥ ቴቴ ላይ በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው ተገኙ። የነሱ ፎቅ የለም። ከደረሱትም መካከል ያልተረፈ አለ። ግንቦት 2000 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ በውጭ አገር ሰዎች ላይ በተነሣው ሁከት ከ60 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ተማሪዬ ያኔ እዚያው ነበር። ሥነ ጽሑፍ ተምሮ፣ ስፓዛ የሚባል ትንሽ ሱቅ ከፍቶ፣ ሱቁ ሲዘረፍ በጓሮ አጥር ዘሎ ተርፎ ተመለሰ። ሲመለስ የቀረችውን ገንዘብ መፍጫና ማቀዝቀዣ ገዛባት።

ታናሹ ግን ‹‹የደቡብ አፍሪካ መንገድ ሞልቷል›› ብሎ ሌላ መንገድ መረጠ። ብራዚል በአውሮፕላን፤ ከዚያ አገር እየዘለሉ፣ ኮሎምቢያና ፓናማን የሚያዋስነውን የዳሪየን ጫካ በእግር። በ2023 እ.ኤ.አ. ብቻ በዚያ ጫካ ከ520 ሺህ በላይ ስደተኞች አልፈዋል። ልጁ ጫካውን አለፈ፤ ሜክሲኮ ደረሰ። በጓቴማላ ድንበር አጠገብ ታፓቹላ በምትባል ከተማ ወረቀት ሲጠብቅ፣ ጥር 2017 ዓ.ም. ላይ የአሜሪካ በር ተዘጋ። ወደፊት መሄድ የለም፤ ወደ ኋላ መመለሻ ገንዘብ የለም። አሁን ገበያ ውስጥ ፍራፍሬ ለሚሸጥ ሰው ሣጥን ይሸከማል። አንድ ቀን በስልክ ቪዲዮ ላከ። አሠሪው የተጠበሰ አናናስና ማንጎ በብርጭቆ አድርጎ ሎሚ ሲጨምቅበት፣ ቀይ ዱቄት ሲነሰንስበት ያሳያል። ከሥሩ፣ ‹‹ለእማ አሳያት፤ እዚህም ሚጥሚጣ አለ›› ብሎ ጽፏል።

መጠጡ እንዲህ ነው ሆሳዕና የደረሰው። ጭሱን የጨመሩት እናትዬዋ ናቸው።

ሜክሲኮ ለኢትዮጵያ ክፉ አገር አልነበረችም። ጣልያን በ1928 ዓ.ም. ሲወረን፣ ታላላቆቹ መንግሥታት አንድ በአንድ ወረራውን ሲቀበሉ፣ ሜክሲኮ በፕሬዚዳንት ካርዴናስ ዘመን አልቀበልም አለች። ጥቂቶቹ ናቸው እንዲህ ያሉት። ንጉሠ ነገሥቱ በ1946 ዓ.ም. ሄደው ጎበኟት። ውለታው በአደባባይ ተጻፈ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ሜክሲኮ አደባባይ፣ ሜክሲኮ ከተማ ውስጥ የኢትዮጵያ አደባባይ። በ1980 እ.ኤ.አ. የተከፈተ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያም በስማችን ይጠራል፤ ምልክቱ የአንበሳ ራስ ነው። ጥቅምት 1961 ዓ.ም. ደግሞ ማሞ ወልዴ፣ አበበ ቢቂላ በጉዳት ካቋረጠ በኋላ፣ በዚያች ከተማ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ አሸነፈ። ሜክሲኮ ከተማ 2 ሺህ 240 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ሆሳዕናም ከሷ ብዙ አታንስም። ሌሎቹ ትንፋሽ ሲያጥራቸው፣ የኛ ሰው አገሩ ያለ ያህል ሮጠ። ማሞ የሮጠበትን አገር፣ ዛሬ የኛ ልጅ በሌሊት ተደብቆ ያቋርጠዋል።

ታፓቹላ ያለችበት ግዛት ቺያፓስ ይባላል። ከሜክሲኮ ግዛቶች ሁሉ ብዙ ቡና የሚያመርተው እሱ ነው። ቡናው አረቢካ ነው፤ አያቱ የኛ ደቡብ ምዕራብ ጫካ ነው። ወደ የመን ተሻገረ፤ ከየመን ደቾች ወደ ጃቫ ወሰዱት፤ ከጃቫ አምስተርዳም፣ ከዚያ ካሪቢያን፤ ከዚያም ሜክሲኮ ገባ። ቡናችን በርበሬያቸውን ፍለጋ የሄደ ይመስል። ዱራሜና ሀደሮ ጓሮ የሚበቅለው ቡናና ልጁ ከሚሸከመው ሣጥን ባሻገር ኮረብታው ላይ ያለው ቡና ሥጋ ዘመዳሞች ናቸው። ቡናውን ‹‹ወረቀትህ የታለ?›› ያለው የለም። በርበሬውንም ማረቆ ሲገባ ፓስፖርቱን የጠየቀው የለም። ተከሉት፣ ውኃ አጠጡት፣ ሰጠ። እንግዳ ከሦስተኛው ቀን በኋላ መዳብ የሚሆነው ሥራ ፈት ሆኖ ሲቀመጥ ነው፤ አፈርና ጊዜ ያገኘ እንግዳ ግን ባለቤት ይሆናል። ሰው ብቻ ነው፣ ከፍሬውም ከዘሩም አንሶ፣ በር ላይ የሚቆመው።

የኛንም ጥፋት አልሸሽግም። ልጁ አገሩ ላይ አፈርና ጊዜ ቢያገኝ ኖሮ ዳሪየንን ባላወቀው ነበር። ሀደሮ አካባቢ የዝንጅብል ገበሬ ቤተሰቡን በዝንጅብል ያስተምር ነበር። በ2004 ዓ.ም. አካባቢ የሚያጠወልግ በሽታ ማሳውን ሲፈጀው፣ የዚያ ቤት ልጅ ምን ይሥራ ብለን ስንቶቻችን ጠየቅን? አቮካዶው ዛፍ ሥር ሲረግፍ፣ ዋጋውን የሚወስነው ደላላ ሲሆን፣ ስንቶቻችን ጻፍን? ‹‹ወጣቱ ተሰደደ›› ብሎ ማልቀስ ቀላል ነው። አንድ ወጣት መፍጫና ማቀዝቀዣ ይዞ፣ አናናስ ጠብሶ፣ የናቱን ጭስ ጨምሮ አዲስ ነገር ሲፈጥር ‹‹የፈረንጅ ነገር›› ብለን የምናንቋሽሽ ከሆነ ግን፣ መንገዱን የምናሳየው እኛ ነን።

ይህን ለወዳጄ በቃሌ ነገርኩት። አልመለሰልኝም። ብርጭቆውን ግን ባዶ አደረገው።

ልንሄድ ስንነሣ ጓሮ ዞሬ እናትዬዋን ተሰናበትኳቸው። የልጃቸው መምህር መሆኔ ተነግሯቸዋል፤ ከዱካቸው ብድግ ሊሉ ሲሉ ያዝኳቸው። እጄን ሳይለቁ ጠየቁኝ።

‹‹መምህር፣ እርስዎ መጽሐፍ ያነባሉ። ያ አገር ሰዎቹ እንዴት ናቸው? ለእንግዳ ደግ ናቸው?››

ምን ልበል? ስለ ካርዴናስ ልንገራቸው? ስለ ባቡር ጣቢያው አንበሳ? ‹‹እማማ፣ በርበሬው ከነሱ ነው የመጣው›› አልኳቸው። ‹‹የኛ በርበሬ የመጀመሪያው ዘር ከዚያ ነው።››

ጥቂት አሰቡ። ማንደጃዋ ላይ አንድ የወይራ ስንጣሪ ጨመሩ። ጭሱ ቀስ ብሎ ወጣ።

‹‹እንግዲያ እኛ ዘራቸውን ደኅና አድርገን አሳድገንላቸዋል›› አሉ። ‹‹እነሱም የኔን አሳድገው ይመልሱልኝ።››